ዕቃው የት እንዳለ የሚናገር ኔትወርክ፦ ብሉቱዝ፣ ዩደብሊውቢ ወይስ ሎራ?

ኮምቦልቻ ላይ መጋዘን ያለው ሰው «ፎርክሊፍቱ የትኛው ረድፍ ጋ ነው የቆመው?» ይላል። ደሴ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ «የኦክስጅን ማሽኑን የትኛው ክፍል ወሰደው?» ትላለች። ገራዶ ላይ ከብት ያለው ገበሬ ደግሞ «ላሟ በየት በኩል ወጣች?» ነው የሚለው። ጥያቄው አንድ ይመስላል። ትንሽ መሣሪያ ዕቃው ላይ ይለጠፋል፣ ያለበት ቦታ ስክሪን ላይ ይታያል፣ አለቀ። ሥራው ውስጥ ሲገባ ግን ለሦስቱ ሰዎች የሚሆነው መሣሪያ ሦስት ዓይነት ነው። የአንዱን ለሌላው መስጠት ገንዘብ ማባከን ነው።

ይህን የምጽፈው ራሳቸው ገጣጥመው ለመሥራት ለሚያስቡ ነው። በወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የመመረቂያ ፕሮጀክት ለሚፈልጉ ተማሪዎች፣ ለኤሌክትሮኒክስ ባለሙያዎች፣ «ከውጭ ከማስመጣ እዚሁ ባሠራው» ለሚሉ ባለመጋዘኖች። ዕቃው ላይ የሚለጠፈውን መሣሪያ ታግ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ቋሚ መሣሪያ አንከር እያልኩ እቀጥላለሁ።

ምንም ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር ወስኑ። ዕቃው ሲጠፋባችሁ ስንት ሜትር ድረስ አቅርቦ ቢነግራችሁ ዓይናችሁ ራሱ ያገኘዋል? ፎርክሊፍት ትልቅ ነው። «ሦስተኛው ረድፍ» ከተባላችሁ በቂ ነው። ላም ከሆነች አሥር ሜትር ቢሳሳትም ችግር የለውም። መቶ ተመሳሳይ ካርቶን መሐል ያለ አንድ ካርቶን ከሆነ ግን ግማሽ ሜትር እንኳን ብዙ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሳይመልስ «በጣም ትክክለኛው የቱ ነው?» ብሎ ይጀምራል። እኔ እንደማየው ትክክለኛነት የሚገዛው በባትሪና በገመድ ነው። የማያስፈልጋችሁን ሴንቲሜትር አትግዙ።

ጉልበት መለካትና ጊዜ መቁጠር

ራዲዮ ርቀትን የሚገምትበት መንገድ በዋናነት ሁለት ነው። ከማዶ የሚጣራ ሰው ድምፁ ሲቀንስ ርቋል እንላለን። ንፋስ ከመጣ ወይም ፊቱን ካዞረ ግን ግምታችን ይበላሻል። ገደል ማሚቶ ሌላ ነው። ጮኸን ድምፁ እስኪመለስ ብንቆጥር ንፋሱ ብዙም አያሳስተንም። ብሉቱዝ የመጀመሪያውን ያደርጋል፣ የሲግናሉን ጉልበት ያያል። ዩደብሊውቢ፣ ማለትም በጣም አጭር ምት የሚልክ ራዲዮ፣ ሁለተኛውን ያደርጋል፣ ሲግናሉ ሄዶ የተመለሰበትን ጊዜ ይቆጥራል። ሎራ፣ በትንሽ ኃይል ሩቅ የሚደርሰው ራዲዮ፣ ደግሞ ለዚህ ሥራ ራሱ ባይለካ ይሻላል። ጂፒኤስ ያወቀውን ቦታ ተሸክሞ ሩቅ ያደርሳል።

ብሉቱዝ፣ «የትኛው ክፍል ነው?» ለሚል ጥያቄ

የብሉቱዝ ትልቁ ጥቅም ታጉ ምንም አለመብላቱ ነው። ኤንአርኤፍ 52832 የሚባለው ቺፕ ሲተኛ የሚጠቀመው 2 ማይክሮአምፕ ገደማ ነው፤ ሲያስተላልፍ 5 ሚሊአምፕ ያህል፣ ያውም ለሚሊሰከንዶች። በሰከንድ አንዴ «አለሁ» እንዲል ካደረጋችሁት በአማካይ ወደ 20 ማይክሮአምፕ ይወርዳል። ሲአር 2032 የምትባለው ክብ ባትሪ 220 ሚሊአምፕ ሰዓት ገደማ ትይዛለች። 220ን ለ0.02 ስታካፍሉ 11,000 ሰዓት ይሆናል። ከአንድ ዓመት በላይ ማለት ነው። በሌሎቹ አማራጮች ይህን ዕድሜ በክብ ባትሪ አታገኙም።

ጣጣው ርቀቱ ላይ ነው። በግልጽ ሜዳ ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ሲግናሉ በ6 ዴሲቤል (የሲግናል ጉልበት መለኪያ ነው) ይቀንሳል። ይህን ገልብጡት፤ ሲግናሉ በማንኛውም ሌላ ምክንያት 6 ዴሲቤል ከወረደ ስሌታችሁ ርቀቱን እጥፍ ያደርገዋል። 6 ዴሲቤል ደግሞ ምንም አይደለም። ሰው ታጉን ደረቱ ላይ አድርጎ ጀርባውን ለአንከሩ ቢሰጥ ከዚያ በላይ ሊወርድ ይችላል፤ የሰው ገላ ውሃ ነው፣ ውሃ ደግሞ ብሉቱዝ የሚሠራበትን 2.4 ጊጋኸርዝ ይመጠዋል። የብረት መደርደሪያና የቆርቆሮ ግድግዳ በበኩላቸው ሲግናሉን ያንጸባርቁታል። ስለዚህ 4 ሜትር ላይ ያለ ዕቃ አንዴ 3፣ አንዴ 9 ሜትር ነው ይላችኋል።

ሦስት አንከር ሰቅሎ፣ ከጉልበት ርቀት አውጥቶ፣ ከርቀቱ ነጥብ ማስላት ወረቀት ላይ ያምራል። ቆርቆሮ ክዳን ያለው መጋዘን ውስጥ ግን ነጥቡ እንደ ፌንጣ ሲዘል ታያላችሁ። ይቅርባችሁ። በየክፍሉ ወይም በየረድፉ አንድ አንከር ስቀሉና «ማን ነው ጎልቶ የሰማው?» ብቻ ጠይቁ። ከዚያ ሁለት ቀላል ደንብ ጨምሩ። የመጀመሪያው፣ የመጨረሻዎቹን አሥር ንባቦች በመጠን ደርድራችሁ መሐለኛውን ውሰዱ፤ አማካይ አታውጡ፣ አንድ የተበላሸ ንባብ አማካዩን ይጎትተዋል። ሁለተኛው፣ አዲሱ አንከር ከአሮጌው ቢያንስ በ5 ወይም 6 ዴሲቤል በልጦ ለጥቂት ሰከንድ ካልቆየ ክፍሉን አትቀይሩ። እነዚህ ሁለቱ ከሌሉ በር ላይ የቆመ ዕቃ ቀኑን ሙሉ ከክፍል ክፍል ሲመላለስ ይውላል።

ለአንከርነት ኢኤስፒ 32 የሚባለው ዋይፋይና ብሉቱዝ ያለው ቺፕ ይበቃል። ርካሽ ነው፣ የሚያውቀው ሰውም ብዙ ነው። አንድ ነገር ግን እወቁ። ኢኤስፒ 32 ያለው አንድ ራዲዮ ነው፤ ብሉቱዝ ሲሰማና ዋይፋይ ሲልክ ተራ በተራ ይጠቀምበታል። ዋይፋይ ላይ ሲጠመድ የታጉን ድምፅ ያልፈዋል። ታጎቹ ጥቂት ከሆኑ አይታወቃችሁም። ሃምሳ ታግ ሲሆን ግን ያበሳጫል። መፍትሔው የኔትወርክ ገመድ የሚሰካበት ቦርድ መጠቀም ነው፣ ደብሊውቲ 32 ኢቲኤች 01 አንዱ ነው። ገመድ መዘርጋት ካልተቻለ ደግሞ ለአሥር ሰከንድ ሰምቶ፣ አጠራቅሞ፣ በአንድ ጊዜ እንዲልክ አድርጉ።

እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ፣ ከብሉቱዝ 5.1 ወዲህ፣ ሲግናሉ የመጣበትን አቅጣጫ የሚለካ መንገድም አለ። ጥሩ ነው። ብዙ አንቴና የተደረደረበት ልዩ ቦርድ ስለሚፈልግ ግን ለቤት ሥራ አይመችም።

ዩደብሊውቢ፣ ሴንቲሜትር ለሚያስፈልገው

እዚህ ጋ ቁም ነገሩ ፍጥነት ነው። ራዲዮ በአንድ ናኖሰከንድ 30 ሴንቲሜትር ይጓዛል። አሥር ሴንቲሜትር ለመለየት የናኖሰከንድን ሲሶ መቁጠር አለባችሁ ማለት ነው። ዲደብሊው 1000 የሚባለው ቺፕ የሚቆጥርበት አንድ እርምጃ ወደ 15.65 ፒኮሰከንድ ነው፣ በርቀት ሲተረጎም 4.7 ሚሊሜትር ገደማ። ሲግናሉም በጣም አጭር ስለሆነ በቀጥታ የመጣውን ግድግዳ ነክቶ ከመጣው ለይቶ ያውቀዋል። ቆርቆሮ በበዛበት ቤት ከብሉቱዝ የሚሻለው በዚህ ነው። በደንብ ከተስተካከለና መሐሉ ካልተጋረደ ስሕተቱ 10 ሴንቲሜትር አካባቢ ነው።

አሁን ወደ ዋጋው። ገንዘቡን ማለቴ ብቻ አይደለም፣ ምንም እንኳ አንዱ የዩደብሊውቢ ቦርድ የብዙ ኢኤስፒ 32 ዋጋ ቢሆንም። ዲደብሊው 1000 በሚያዳምጥበት ጊዜ ከ100 ሚሊአምፕ በላይ ይስባል። ከማስተላለፍ ይልቅ ማዳመጥ የሚከብድበት ራዲዮ ነው። ስለዚህ ታጉ በክብ ባትሪ አይኖርም፤ የሚሞላ ባትሪ ይፈልጋል፣ ባትሪውን የሚሞላ ሰውም ይፈልጋል። መጋዘን ውስጥ ሃያ ታግ ካለ ሃያ ቻርጀር አለ ማለት ነው። ይህን ብዙ ሰው አያስብበትም።

ሁለት የአለካክ ስልት አለ። በአንደኛው ታጉና አንከሩ መልእክት እየተመላለሱ ጊዜውን ይቆጥራሉ። ቀላል ነው፣ በዚህ ጀምሩ። ግን በአንድ ዙር ብቻ አትርኩ። የሁለቱ ቦርዶች ክሪስታል (ጊዜ የሚቆጥሩበት ክፍል) በሚሊዮን 20 ቢለያይና መልሱ በ1 ሚሊሰከንድ ቢዘገይ፣ ስሕተቱ 10 ናኖሰከንድ ይሆናል። ይህ 3 ሜትር ነው! ሁለት ዙር የሚመላለሰው ስልት ይህን ያጠፋዋል። የቺፑ የኮድ ቤተ መጻሕፍት (ላይብረሪ) ሁለቱንም ካቀረበላችሁ ሁለት ዙሩን ምረጡ። በሌላኛው ስልት ታጉ አንዴ ብቻ ይጮኻል፣ አንከሮቹ የሰሙበትን ጊዜ ያወዳድራሉ። ለባትሪም ለብዙ ታግም የተሻለው ይህ ነው። አንከሮቹ ግን ሰዓታቸው በናኖሰከንድ ደረጃ መግጠም አለበት። ለመመረቂያ ፕሮጀክት ይህን የሚመርጥ ተማሪ ጊዜው ይበቃው እንደሆነ አማካሪውን ቀድሞ ይጠይቅ።

ቺፑን በተመለከተ ዲደብሊው 1000 እና ዲደብሊው 3000 አሉ። አሮጌው ብዙ ምሳሌ ኮድ አለው። አዲሱ ኃይል ይቆጥባል፣ ቻናል 5 እና 9 ላይ ይሠራል። የአንዱ ቤተ መጻሕፍት ለሌላው አይሆንም። የትኛውንም ምረጡ፣ ግን አትቀላቅሉ። ዲደብሊውኤም 1001 የሚባለው ሞጁል ዲደብሊው 1000ን ከነኤንአርኤፍ 52832 እና ከነእንቅስቃሴ ዳሳሹ አንድ ላይ ስለያዘ ለታግነት ደስ ይለኛል። ዕቃው ካልተንቀሳቀሰ ታጉን ማስተኛት ትችላላችሁ፤ ባትሪው የሚተርፈው በዚህ ነው።

ዋይፋይ በመካከል

የመጀመሪያው ኢኤስፒ 32 አይችልም፤ ኤስ 2 እና ኤስ 3 የተባሉት ወንድሞቹ ግን በዋይፋይ የመልስ ጊዜ ርቀት መለካት ይችላሉ። በግልጽ ቦታ አንድ ሁለት ሜትር ድረስ ያደርሳሉ። ግድግዳ ሲበዛ ይበላሻል። ሌላ ቺፕ ሳይገዙ ከብሉቱዝ ትንሽ የተሻለ ለሚፈልግ ይሞከራል። ታግ አድርጎ በባትሪ ማኖር ግን ከባድ ነው፣ ወደ ባትሪው ስንደርስ ቁጥሩን አሳያችኋለሁ። ዚግቢ የሚባለው ሌላ የአጭር ርቀት ራዲዮ ለመብራትና ለሙቀት መለኪያ ጥሩ ነው፣ ለቦታ ግን ከብሉቱዝ የሚበልጥበት ነገር አይታየኝም።

ሎራ ከጂፒኤስ ጋር፣ ለሜዳው

ለከብት፣ ለመኪና፣ ለባጃጅ፣ ለግንባታ ማሽን ሌላውን ሁሉ እርሱት። ኒኦ 6ኤም ወይም ኤም 8ኤን ያለ ጂፒኤስ ሰማዩ ክፍት ከሆነ 2.5 ሜትር አካባቢ ይሰጣል። ያንን ሎራ ኪሎ ሜትሮች አሻግሮ ያደርሰዋል፣ ሲም ካርድና የአየር ሰዓት ሳይጠይቅ። «ሎራ ራሱ ቦታ ያገኛል» የሚሉ ማስታወቂያዎች አሉ። ስሕተቱ ከአሥሮች እስከ መቶዎች ሜትር ነውና ገንዘባችሁን አትስጡ።

መልክዓ ምድሩ ግን ፈራጅ ነው። ደሴ በጦሳና በአዝዋ ገደል መሐል ተቀምጣ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ወርዳለች። በመንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም መሐላቸው የሐረጎ ተራራ አለ። ሎራ ተራራ አይበሳም። ደሴ ፒያሳ ያለ ጣሪያ ላይ ጌትዌይ (የታጎቹን መልእክት የሚቀበል ቋሚ መሣሪያ) ሰቅሎ ኮምቦልቻ ያለ ታግ እሰማለሁ ማለት ዘበት ነው። ከፍ ያለ ቦታ ላይ የተሰቀለ አንድ ጌትዌይ ግን ከታች ከተሰቀሉ አምስት ይበልጣል። ስለዚህ አንቴና ከማግዘፍ በፊት ከፍታ ፈልጉ፣ ከዚያም ታጉን ይዛችሁ በእግር ዙሩና የሚሰማበትንና የማይሰማበትን ካርታ ላይ ምልክት አድርጉ።

ስትገዙ ፍሪኩዌንሲውን ተጠንቀቁ። ሻጮች 433፣ 868 እና 915 ሜጋኸርዝ ያቀርባሉ፣ መልካቸው አንድ ነው። 915 ለአሜሪካ አህጉር የተመደበ ነው። እኛ ባለንበት ክልል ከ900 ሜጋኸርዙ የሞባይል ኔትወርክ ጋር ይጋጫል። 868ን ተመልከቱ። ለንግድ የምትሠሩት ከሆነ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመውን የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ስለ ፍሪኩዌንሲውና ስለ መሣሪያው ማረጋገጫ አስቀድማችሁ ጠይቁ። መሣሪያው ጉምሩክ ላይ ከተያዘ በኋላ መጠየቅ ዋጋው ይበዛል።

ከዚያ መልእክቱን አሳጥሩ። ደሴ 11.13 ሰሜን፣ 39.63 ምሥራቅ አካባቢ ናት። ይህን እንደ ጽሑፍ ከነነጥቡ አትላኩት። በ100,000 አባዙት፣ ሁለቱን ቁጥሮች በአራት አራት ባይት አስቀምጡ፣ ለባትሪው አንድ ባይት ጨምሩ። ዘጠኝ ባይት ሆነ፣ ትክክለኛነቱም አንድ ሜትር ያህል ነው። የሎራን ርቀትና ፍጥነት የሚወስነውን ቁጥር፣ ስፕሬዲንግ ፋክተሩን፣ 12 ካደረጋችሁት ይህቺ ትንሽ መልእክት አየር ላይ ከአንድ ሰከንድ በላይ ትቆያለች፤ 7 ላይ ግን ከ0.1 ሰከንድ በታች። ሁሉንም ታግ 12 ላይ አድርጎ «ሩቅ እንዲደርስልኝ» ማለት የተለመደ ነው። ውጤቱ ታጎቹ እርስ በርስ መጯጯህ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ አጭር ናት። ሎራን አንቴና ሳትሰኩ አታብሩ። ማስተላለፊያው ሊቃጠል ይችላል።

መገጣጠም፦ ዝግጁ ቦርድ ወይስ የራስ ሰርኪዩት?

እስከ አሥር ታግ ድረስ ዝግጁ ቦርድ ግዙ። የራሳችሁን ሰርኪዩት ማሠራት የሚያዋጣው ንድፉ ተፈትኖ ካለቀ በኋላ ነው። በተለይ አንቴና ያለበትን የቦርድ ጫፍ ራሳችሁ አትንደፉ። ሞጁሉ ከነአንቴናው ተሠርቶ የመጣው ለዚህ ነው። ከአንቴናው በታችና ፊት ለፊት መዳብም፣ ባትሪም፣ ብሎንም አይኑር።

ዝግጁ ቦርድ ግን አንድ ክፉ ጠባይ አለው። የኢኤስፒ 32 ቺፕ ጠልቆ ሲተኛ 10 ማይክሮአምፕ ገደማ ይበላል ይባላል፤ እውነት ነው፣ ቺፑ ብቻውን ሲሆን። ቦርዱ ላይ ያለችው ቀይ መብራት፣ የዩኤስቢው ቺፕና ኤኤምኤስ 1117 የሚባለው ቮልቴጅ ቀናሽ ግን አይተኙም። ሦስቱ ተደምረው 10 ሚሊአምፕ ቢበሉ በቀን 240 ሚሊአምፕ ሰዓት ነው። 2,500 ሚሊአምፕ ሰዓት የምትይዝ፣ 18650 የምትባለው የምትሞላ ባትሪ ምንም ሳትሠራ በአሥር ቀን አለቀች። መብራቷን ንቀሉ፣ ቀናሹንም በኤምሲፒ 1700 ወይም ኤችቲ 7333 ተኩ። እነዚህ የሚበሉት በማይክሮአምፕ ነው። ሁለቱም ግን 250 ሚሊአምፕ ብቻ ስለሚሰጡ ዋይፋይ ለሚልክ ቦርድ አይበቁም፤ ለብሉቱዝና ለሎራ ታግ ይሁኑ። እነዚህን ጥቃቅን ነገሮች ሞባይል ጠጋኝ የሆነ ሰው በደቂቃ ይነቅላቸዋል፤ እጃችሁ ካልለመደ እሱን ለምኑት።

አሁን ቃል የገባሁት የዋይፋይ ቁጥር። ነቅቶ፣ ከራውተር ተገናኝቶ፣ ልኮ ለመተኛት 3 ሰከንድ በ120 ሚሊአምፕ እንበል። አንዱ መላክ 0.1 ሚሊአምፕ ሰዓት ነው። በየደቂቃው ከላከ በሰዓት 6 ይበላል፣ ያቺው ባትሪ 17 ቀን ትቆያለች። የጂፒኤስ ታግ ደግሞ በየግማሽ ሰዓቱ ነቅቶ በ45 ሚሊአምፕ 40 ሰከንድ ሳተላይት ቢፈልግ በቀን 24 ይበላል፣ ሦስት ወር ገደማ ይሆናል። ለከብት ጥሩ ነው።

ባትሪ ለመሙላት ብዙ ሰው ቲፒ 4056 ይጠቀማል፣ እኔም እመክረዋለሁ። ከፋብሪካ ሲመጣ ግን በ1 አምፕ ነው የሚሞላው። ለትንሿ 500 ሚሊአምፕ ሰዓት ባትሪ ይህ አደጋ ነው። 1.2 ኪሎኦም የሆነችውን ሬዚስተር በ5 ኪሎኦም ብትቀይሯት ወደ 250 ሚሊአምፕ ይወርዳል። ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ 18650 የምትጠቀሙ ከሆነ የቀረውን አቅም ሳትለኩ ታግ ውስጥ አትክተቱት። ያበጠ፣ የዛገ ወይም ሲሞላ የሚሞቅ ከሆነ ጣሉት።

ሳጥኑ ፕላስቲክ ይሁን። ኤሌክትሪሻኖች የሚጠቀሙበት ስካቶላ ለአንከር ከበቂ በላይ ነው። ብረት ሳጥን ውስጥ ያለ አንቴና ምንም አይሰማም፤ ግልጽ ነገር ይመስላል፣ ግን ለጥንካሬ ብሎ ብረት የሚመርጥ አይጠፋም። ውጭ የሚሰቀል ከሆነ ገመዱ ከታች ይግባ። የደሴ ጉምና የክረምት ዝናብ በላይ በኩል የገባ ቀዳዳን አይምርም። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ጠላታችሁ ሙቀት ነው፣ ከቆርቆሮው ሥር አስጠግታችሁ አትስቀሉ። ወረድ ስታደርጉት ለራዲዮውም ይሻላል።

ኮንፊግሬሽን፦ ሥራው በትክክል የሚበላሽበት ቦታ

ሁሉም ቦርድ ላይ አንድ ዓይነት ፕሮግራም ጫኑ። የሚለየው ቁጥሩ ብቻ ይሁን፣ እሱም ከቺፑ የራሱ አድራሻ ይነበብ። በየቦርዱ ኮዱን እየቀየሩ መጫን ለሦስት መሣሪያ ይሠራል፤ ለሠላሳ ግን ሁለት «ቁጥር 7» ይፈጠርና አንዱ ሌላውን ሲያጠፋ ስትፈልጉ ትውላላችሁ። ቁጥሩን ስካቶላው ላይም በማይጠፋ ማርከር ጻፉ። የአንከሮቹ ቦታ፣ የክፍሉ ስም፣ የመላኪያ ጊዜው ሁሉ ሰርቨሩ ላይ በአንድ ፋይል ይቀመጥ። ለዩደብሊውቢ ቻናሉ፣ ፍጥነቱና የፕሪአምብል ኮዱ (የመልእክቱ መነሻ ምልክት) በሁሉም ላይ አንድ ካልሆነ መሣሪያዎቹ ጭራሽ አይሰማሙም፣ ስሕተት ብሎም አይነግራችሁም።

ነጥብ የምታወጡ ከሆነ የአንከሮቹ መለኪያ ወሳኝ ነው። የመጋዘኑን አንድ ጥግ ዜሮ በሉና ሁሉንም ከዚያ በሜትር ለኩ። አንከሩን 30 ሴንቲሜትር ስታችሁ ከለካችሁት የዩደብሊውቢው 10 ሴንቲሜትር ትርጉም የለውም። ከፍታውንም አትርሱ። አንከሩ ከታጉ 3 ሜትር ከፍ ብሎ፣ ወለል ላይ ያለው ርቀት 4 ሜትር ቢሆን ራዲዮው የሚለካው 5 ሜትር ነው። ከፍታውን ስሌት ውስጥ ያላስገባ አንድ ሜትር ተሳስቷል፣ መሣሪያው ግን ጥፋት የለበትም። ሌላው፣ አንከሮቹን በአንድ መስመር አትደርድሩ። በመስመሩ ግራና ቀኝ ያለው ነጥብ አንድ ዓይነት ርቀት ስለሚሰጥ ታጉ ከየትኛው ወገን እንደሆነ አይለይም። ለወለል ሦስት፣ ለከፍታም ከሆነ አራት አንከር ከየጥጉ።

የዩደብሊውቢ ቦርድ ሲመጣ የአንቴና መዘግየቱ፣ ማለትም ሲግናሉ በቺፑና በአንቴናው መሐል የሚያጠፋው ጊዜ፣ አልተስተካከለም። ሁለቱን ቦርዶች በሜትር በለካችሁት 8 ሜትር ላይ አቁሙ፣ የሚያሳዩት ቁጥር 8 እስኪሆን መዘግየቱን ከፍ ዝቅ አድርጉ። ይህ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፣ ግን ሳይሠራ ከቀረ ስሕተቱ በአሥሮች ሴንቲሜትር ይቆያል። የአንዱን ቁጥር ለሁሉም መገልበጥ ለመጀመሪያ ሙከራ ይሆናል፤ ለመጨረሻው ሥራ ግን እያንዳንዱን ለብቻው።

ሰርቨሩን በተመለከተ ክርክር የለኝም፤ እዚያው ግቢ ውስጥ ይሁን። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ፎርክሊፍቱ መጥፋት የለበትም። ራስበሪ ፓይ የሚባለው ትንሽ ኮምፒውተር ወይም አሮጌ ላፕቶፕ የኤምኪውቲቲ ብሮከሩን፣ የቦርዶቹን መልእክት ተቀብሎ የሚያከፋፍለውን ፕሮግራም፣ ያለችግር ይሸከማል። ለሎራ ደግሞ ቸርፕስታክ የሚባለውን የሰርቨር ፕሮግራም እዚያው መጫን ይቻላል። ላፕቶፑ ባትሪው የሚሠራ ከሆነ መብራት ሲጠፋ ይተርፋል። ለራውተርና ለአንከር የሚሆኑ ትንንሽ የዲሲ ዩፒኤሶችም ገበያ ላይ አሉ።

መብራት ሲመለስ የሚሆነውን ደግሞ ሞክሩት። ሁሉም ቦርድ በአንድ ጊዜ ይነሳል፣ ራውተሩ ግን ገና ደቂቃ ይፈልጋል። ፕሮግራሙ «አልተገናኘም» ብሎ የሚቆም ከሆነ ጠዋት አንድ በአንድ ወንበር ላይ እየወጣችሁ ሪሴት ልታደርጉ ነው። እስኪገናኝ ደጋግሞ እንዲሞክር፣ ለብዙ ደቂቃ ካልሆነም ራሱን እንዲያስነሳ ጻፉት። የሰዓት ማህተሙን ሰርቨሩ ይምታ፣ ከመቋረጥ የተነሳ ቦርድ ሰዓት አያውቅምና።

ታጉን ሰው ላይ የምታደርጉ ከሆነ ለሠራተኛው ንገሩት። ምን እንደሚመዘገብ፣ ማን እንደሚያየው፣ መቼ እንደሚጠፋ። በድብቅ የተሰፋ ታግ አንድ ቀን መገኘቱ አይቀርም፣ ከዚያ በኋላ ሠራተኛው የትኛውንም ታግ አያምንም።

እኔ ብሆን የምመርጠው

ለኮምቦልቻው መጋዘንና ለሆስፒታሉ ብሉቱዝ፣ በየረድፉና በየክፍሉ አንድ የኢኤስፒ 32 አንከር፣ ነጥብ ሳልፈልግ። ሆስፒታሉ ውስጥ የታጉን መላኪያ ጊዜ ሁለት ሰከንድ አድርጌ ባትሪውን አረዝማለሁ፤ የኦክስጅን ማሽን አይሮጥም። ዕቃው በበር ወጣ ወይስ አልወጣም ብቻ ከሆነ ጥያቄው፣ ባትሪ ያለውን ታግና አንከሩን ትቼ ዕቃው ላይ ባትሪ የማይፈልግ የአርኤፍአይዲ ተለጣፊ አደርጋለሁ፣ በሩ ላይ አንባቢውን አቆማለሁ።

የፋብሪካ ማሽን ላይ ሰው ሲጠጋ እንዲያስጠነቅቅ ከተፈለገ ዩደብሊውቢ ነው። ግን ይህ የሰው ሕይወት ጉዳይ ስለሆነ ራሴ የገጣጠምኩት መሣሪያ ከማሽኑ አጥርና ማቆሚያ ላይ ይጨመራል እንጂ አይተካቸውም።

ለገራዶው ገበሬ ሎራና ጂፒኤስ፣ 868 ሜጋኸርዝ፣ ጌትዌዩ ከፍ ያለ ቦታ ላይ።

ለተማሪ ከሆነ ምክሬ ትንሽ ይለያል። ሁለት የዩደብሊውቢ ቦርድ ብቻ ግዛና ርቀት ለካ፤ ነጥብ አታውጣ። ከጎኑ በዚያው ቦታ የብሉቱዙን ጉልበት መዝግብ። አንዱን መለኪያ በባዶ ኮሪደር፣ አንዱን ብረት በበዛበት ወርክሾፕ፣ አንዱን ታጉን ሰው ተሸክሞ ጀርባውን ሰጥቶ። ሦስቱን በአንድ ግራፍ ላይ አስቀምጣቸው። ሁለተኛውን ዙር ቦርድ የምትገዛው ግራፉን ካየህ በኋላ ነው።